የአባት ስም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጓደኛዬ ቤት አቦል ተቀድቶ ተቀምጠናል። እርሱ ግን ስኒውን ረስቶ ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሮ ይቆጥራል። የሚቆጥረው ገንዘብ አይደለም፤ ስሙን ነው።

ጓደኛዬ የኢሚውኖሎጂ ተመራማሪ ነው። ሰውነታችን በሽታን እንዴት ለይቶ እንደሚያውቅና እንደሚከላከል ያጠናል፤ የሚደክመውም በሳንባ ነቀርሳ ላይ ነው። ሙያው ለከተማችን እንግዳ አይደለም። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ በአለርት ግቢ ሰውነት የሥጋ ደዌን እንዴት እንደሚቋቋም ሲመረምር ኖሯል። አሁን ጓደኛዬ ለምርምር ገንዘብ አመልክቶ፣ «ስንት ጽሑፍ አሳተምክ? ስንት ጊዜስ ተጠቀስክ?» ተብሎ ተጠይቋል።

መጠቀስ ማለት ሌላው ተመራማሪ «ይህን ያገኘሁት ከእገሌ ነው» ብሎ ሲመሰክር ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ማሳተም ጀመረ። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የሰውን ድካም ሁሉ ባንድ ቁጥር ጠቀለለው። እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱ አሥር ጽሑፎች ያሉት ሰው ቁጥሩ አሥር ነው። አንዲት ጽሑፍ ብቻ ያለችው ሰው ግን ሺህ ጊዜ ቢጠቀስም ቁጥሩ ከአንድ አያልፍም።

ይህም ይሁን። የእኛ ጣጣ ከስም ይጀምራል። ፈረንጅ ሰውን የሚመዘግበው በስሙ መጨረሻ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው አባት ነው። ልጅ ደክሞ አባት ይጠቀሳል ማለት ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማን ውሰዱ። ሙያቸው ሌላ ቢሆንም ዕጣቸው ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በማግሥቱ ዓመት ግኝታቸውን በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በ1989 ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። በማውጫ ግን «ለማ፣ አ.» ናቸው። እንዶዱን ይዘው ወንዝ የወረዱት ሴቶችማ ጭራሽ ቁጥር የላቸውም።

የጓደኛዬ መዝገብ 14 ይላል። ዝርዝሩን ሲከፍተው ግን ስድስቱ ጽሑፎች ስለ ከብት በሽታ ሆነው ተገኙ። እርሱ ከብት ነክቶ አያውቅም! ለካ የአባት ስሙም፣ የራሱ ስም መነሻ ፊደልም ከእርሱ ጋር አንድ የሆነ ሌላ ኢትዮጵያዊ አለ፤ መዝገቡም ሁለቱን አንድ ሰው አድርጓቸዋል። ሁለት የራሱ ጽሑፎች ደግሞ በሌላ አጻጻፍ ተመዝግበው ከዝርዝሩ ውጪ ቀርተዋል። የራሱን ጨምሮ የሰውየውን ሲያስወጣ ቁጥሩ 11 ላይ ቆመ።

«ተወው፣ ማን ያጣራል?» አልኩት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አባቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚነት ያረጁ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌሎችን ስም ሲደረድሩ ኖረዋል። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ኮምፒዩተሩ ጠጋ አሉና በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም በጣታቸው ተከተሉ።

«ይህ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«የዚያን ሰውዬ ሥራ ብትወስድ፣ የምትወስደው በእኔ ስም ነዋ!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጓደኛዬ ምንም አልመለሰም። ስድስቱን አንድ በአንድ ሰረዘና ማመልከቻውን በ11 ላከ።

ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል መለያ አለ፤ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ አሥራ ስድስት አኃዝ ይሰጣል። ቁጥሩ አባት የለውም፤ ከማንም ጋር አይምታታም። ጓደኛዬም በዚያው ቀን አወጣ። አባቱ አኃዞቹን አይተው፣ «የመታወቂያ ቁጥር መሰለኝ፤ ስም ግን አይሆንም» አሉ።

ለማመልከቻው መልስ ገና አልመጣም። እኛ በረካውን ጠጥተን ተነሣን።