ከባዱ ሣጥንና ቀላሉ ሣጥን

አማርኛ «ከባድ» እና «ቀላል» በሚሉት ሁለት ቃላት ብዙ ሥራ ይሠራል። ሸክም ከባድ ይሆናል፤ ፈተናም ከባድ ይሆናል። ላባ ቀላል ነው፤ መልሱ የታወቀ ጥያቄም ቀላል ነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም። አነጋገሩ የታረመ፣ ምክሩ የሚደመጥ ሰው «ከበድ ያለ ሰው» ተብሎ ሲመሰገን፣ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ደግሞ «ቀላል ሰው» ተብሎ ይናቃል። እኛ አፋችንን የፈታነው በትግርኛ ነው፤ ለማይከብድ ሸክም «ፈኲስ» እያልን አድገን አማርኛን የተማርነው በትምህርት ቤት ስለ ሆነ፣ እነዚህን ቃላት ከመዝገበ ቃላት ካገኘናቸው ብዙ ዘመን ነው። ትርጉማቸውን በውል ያወቅነው ግን ባለፈው ዓመት ነው፤ ያስተማረንም መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ ሣጥን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሥራ ቀን በአዲስ አበባ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠን ደብዳቤ እንመራለን፤ ቅዳሜ ማታና በበዓል ቀን ደግሞ ቤዝ ጊታር እንጫወታለን። በልጅነታችን በትግራይ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር፣ ድምፃችን ከእኩዮቻችን ቀድሞ ስለ ጎረነነ የመዘምራኑ መሪ ከወፍራም ድምፆች ረድፍ አቆመን። ሌሎች ዜማውን ሲያነሡ የእኛ ድርሻ ከሥር ሆኖ መደገፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ቅር ቢለንም ውሎ አድሮ ወደድነው። ዛሬ የምንጫወተው ከሦስት ወዳጆቻችን ጋር ነው። አንዱ ኦርጋን ይጫወታል፤ አንዱ ከበሮ ይመታል፤ ክራር የሚደረድሩልን ደግሞ በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጡ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። የምንጠራው ለትልቅ መድረክ አይደለም፤ ለመልስ ግብዣ፣ ለመሥሪያ ቤት ሽኝት፣ አርባ ወይም ስድሳ ሰው ለሚይዝ የሆቴል አዳራሽ ነው።

ቤዝ ጊታር ራሱ ሸክምን ከማቃለል ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ቀድሞ ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ቁመቱ ከሰው ቁመት የሚስተካከል፣ ቆመው የሚጫወቱት ታላቁ ቤዝ ነበር። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ፕሪሲሽን ቤዝ የተባለውን የኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ ባወጣ ጊዜ፣ ተጫዋቹ መሣሪያውን በትከሻው አንግቶ የሚሄድበት መንገድ ተከፈተ። በአገራችንም የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ተጫዋች የነበረው ጆቫኒ ሪኮ የዚህን መሣሪያ ድምፅ ለብዙዎች ጆሮ አስለምዷል። ነገር ግን ቤዝ ጊታር ብቻውን ድዳ ነው ለማለት ይቻላል፤ ኤሌክትሪክ ካልረዳው ከአዳራሹ ጫፍ የተቀመጠ ሰው አይሰማውም። ስለዚህ ማጉያ፣ ሙዚቀኞች እንደሚሉት አምፕሊፋየር፣ ያስፈልገዋል። ማጉያውና ድምፅ ማውጫው ስፒከር በአንድ ሣጥን ሲታቀፉ «ኮምቦ» ይባላል።

የእኛን ኮምቦ የገዛነው ከተበተነ የምሽት ክበብ ባንድ ነበር። ስፒከሩ ባለ 15 ኢንች ነው። በሰፈራችን የእህል ነጋዴ ሚዛን ብናስመዝነው 46 ኪሎ ሆነ። በሚኒባስ ታክሲ ስንጭነው የሁለት ሰው ሒሳብ እንከፍላለን፤ ረዳቱ ካላጉረመረመ የታደልን ነን። ይህም ሁሉ ሆኖ እንኮራበት ነበር። ሣጥኑ በሁለት ሰው ተይዞ ሲገባ እንግዳው ዞር ብሎ ያያል፤ ያን ጊዜ እኛም ከበድ ያልን ሰው የሆንን ይመስለን ነበር።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ ሠርግ በሚበዛበት ሰሞን፣ በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ለሚደረግ የመልስ ግብዣ ተጠራን። አሳንሰር የለም፤ ደረጃውም ጠባብ ነው። እኛ ከላይ፣ የባለቤታችን ታናሽ ወንድም ከታች ሆነን ሣጥኑን ስናወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ የልጁን እግር አዳለጠው። ሣጥኑ በላዩ እንዳይወድቅ በኃይል ወደ ላይ ስንጎትት ከወገባችን አንድ ነገር ቋ አለ። ልጁ ተረፈ። ሌሊቱን እንደ ምንም ተጫወትን፤ በነጋታው ግን ከአልጋ መነሣት ተሳነን፤ ሐኪሙም የዐሥር ቀን ዕረፍት አዘዘልን።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁን መጡ። ጥቂት ተቀምጠው ከተጨዋወቱ በኋላ ዝም አሉ። ከዚያም፦

«ልጄ፣ የምነግርህ ነገር ነበረኝ፤ ታመህ ስላገኘሁህ ልተወው አልኩ» አሉ።

እንዲነግሩን ለመንናቸው።

«ያን ዕለት ክራሬን እኔ ራሴ አልሰማኋትም። ጣቴ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ ግን የለም። ሣጥንህ ተቀመጠባት። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ለመታየት ብዬ አልመጣም። ከእንግዲህ ብቀር ቅር አይበልህ» አሉን።

ይህን ስንሰማ ከወገባችን ሕመም ይልቅ እፍረቱ ጎዳን። እውነቱን ለመናገር፣ ድምፃችን እንደሚበዛ እናውቅ ነበር። ያ ሣጥን ለትልቅ አዳራሽ የተሠራ በመሆኑ ዝቅ ሲያደርጉት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ እኛም ድምፁ እንዲያምርልን ቁልፉን ከፍ እናደርግ ነበር። የእኛ ድምፅ ያምር ዘንድ የጋሼ ክራር ጠፋች ማለት ነው።

ባለቤታችንም ከጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታ ነበር። ጋሼ ከሄዱ በኋላ ገብታ «ወይ ሣጥኑን ወይ ወገብህን ምረጥ» አለችን። የዕቁብ ዕጣዋ በሚያዝያ ይወጣ ነበር፤ ያም ገንዘብ ለልብስ ማጠቢያ መኪና የታሰበ ነው። አሮጌው ሣጥን ገዢ እንደማያገኝ ታውቃለችና ከዕቁቡ ግማሹን ልትሰጠን ፈቀደች። «ነገር ግን በአንድ እጅህ አንጠልጥለህ አራት ፎቅ የምትወጣው ካልሆነ አንድ ብር አልሰጥም» አለች። ይህ ቃሏ ከመመሪያ መጻሕፍት ሁሉ የበለጠ መመሪያ ሆነን።

በዕረፍታችን ቀናት ተኝተን ስለ ማጉያ ማንበብ ጀመርን። የተማርነውን ለአንባቢ ባጭሩ እናካፍላለን።

የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው አውታር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ አምስት አውታር ባለው ጊታር ላይ ዝቅተኛው 31 ጊዜ ያህል ነው። የመጀመሪያው የድምፅ ሞገድ ርዝመቱ ስምንት ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን የሚያህል ሞገድ ለማንሣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ የቤዝ ሣጥን የሚገዝፍበትም ምክንያት ይኸው ነው። የቀድሞው ሣጥን ክብደት ከሦስት ነገር ይመጣ ነበር፤ ከማጉያው የብረት ትራንስፎርመር፣ ከስፒከሩ ማግኔት፣ ከሣጥኑም እንጨት።

ሦስቱም በጊዜ ብዛት ቀለሉ። ክላስ ዲ በሚባለው አሠራር ትራንዚስተሩ እንደ ግማሽ ክፍት ቧንቧ ኃይሉን በሙቀት አያባክንም፤ በሰከንድ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ጊዜ ፈጽሞ እየተከፈተ ፈጽሞ ይዘጋል። ኃይል ሰጪው ክፍልም እንዲሁ በፍጥነት ስለሚሠራ ታላቁ ትራንስፎርመር በትንሽ ተተካ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው የኒዮዲሚየም ማግኔት ደግሞ ከቀድሞዎቹ በጣም አንሶ ተመሳሳይ ጉልበት ይሰጣል፤ ሆኖም በሁሉም ሣጥን ውስጥ አይገኝም። እንጨቱም በቀጭን ጣውላ ተለወጠ።

ይሁን እንጂ ነጋዴ የሚለውን ሁሉ ማመን አይገባም። ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ድምፅና በጥቂት ኃይል ብዙ መጮኽ፣ እነዚህ ሦስቱ በአንድነት አይገኙም፤ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይተዋል። በትንሽ ሣጥን እጅግ ዝቅተኛው ድምፅ ይሳሳል። ነገር ግን ጆሮ ብልህ ነው፤ ከላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ከሰማ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል።

የዋት ቁጥርም እንዲሁ ያታልላል። የማጉያው ኃይል በእጥፍ ቢጨምር ድምፁ የሚያድገው በሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ስለዚህ ባለ 500 ዋት ማጉያ ከባለ 100 ዋት አምስት ጊዜ አይበልጥም።

ከዳንን በኋላ ከሦስት ወዳጆቻችን ሦስት ሣጥን ተውሰን በሦስት ቅዳሜ ሞከርን። ሦስቱም ፌንደር ራምብል የሚባሉ፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ትንሹ ባለ 40 ዋትና ባለ 10 ኢንች ሲሆን 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለቤት ልምምድ እጅግ ደስ ይላል፤ ከበሮው ሲጠነክር ግን ድምፁ ይሰነጠቃል። ትልቁ ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከር አለው፤ ብቻውን 350 ዋት፣ ሌላ ስፒከር ሲቀጠልበት 500 ዋት ይሰጣል፤ ክብደቱም 16 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ሙሉ ድራም ካለው ባንድ ጋር የምንጫወት ብንሆን እርሱን በመረጥን ነበር። ነገር ግን በአንድ እጅ አራተኛ ፎቅ ስናደርሰው ወገባችን የድሮውን ነገር አስታወሰን። መካከለኛው ባለ 100 ዋትና ባለ 12 ኢንች ሲሆን 10 ኪሎ ያህል ነው። ተጨማሪ ስፒከር አይቀበልም፤ ሆኖም ከኋላው ሦስት እግር ያለው የመስመር መውጫ ስላለው፣ ትልቅ አዳራሽ ባጋጠመ ጊዜ ድምፁን ወደ አዳራሹ ማጉያ ለመላክ ይቻላል። እኛም እርሱን መረጥን።

በዚህ መካከል አንድ ስሕተት ልንሠራ ነበር። በዋሽንግተን የሚኖር የአጎታችን ልጅ ለበዓል ሲመጣ ሊያመጣልን ቃል ገብቶ ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ የሚሸጠው ሣጥን ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የአገራችን መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። በኋላው የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ መሰካት ሣጥኑን ማቃጠል ነው። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝተን ብንጨምር ደግሞ፣ ከሣጥኑ የወጣውን ብረት በሌላው እጃችን ልንሸከም ነው። ስለዚህ ምስጋናችንን ገልጸን ለ220 ቮልት የተሠራውን እዚሁ ገዛን።

ከዚያም ወደ ጋሼ ቤት ሄደን አንድ ቅዳሜ ብቻ እንዲሞክሩን ለመንናቸው። ጥሪው በአንድ ጓደኛችን ቤት የተደረገ የሽኝት ግብዣ ነበር። ጊታሩን በጀርባችን፣ ሣጥኑን በቀኝ እጃችን ይዘን ገባን፤ ዞር ብሎ ያየን እንግዳ አልነበረም። ሣጥኑን ከግድግዳው አጠገብ ብናስቀምጠው ወፍራሙ ድምፅ ከግድግዳው እርዳታ አገኘ፤ ፊቱንም ወደ ላይ ጥቂት ብናዘነብለው ድምፃችን ወደ ጆሮአችን ስለ መጣ ቁልፉን ከፍ ማድረግ አላስፈለገንም። ከበሮው ተነሣ፤ ኦርጋኑ ተከተለ። ከዚያ የጋሼ ክራር በመካከላችን ሆና ጥርት ብላ ተሰማች። እርሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ይደረድሩ ነበር። ሲወጡ ስለ ሣጥኑ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ «የመጪው ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?» ብቻ አሉን።

ሁሉ የተሳካ ነው አንልም። በግንቦት በአንድ ግቢ በድንኳን ስንጫወት፣ የሚመልሰው ግድግዳ ስለ ሌለ ድምፃችን ከድንኳኑ ደጅ ሳይደርስ ቀረ፤ የሙሽራው አጎትም «ቤዙ የት አለ?» ብለው ጠየቁን። ከዚያ ወዲህ ለድንኳን ከተጠራን ገመድ ይዘን ከትልቁ ማጉያ ጋር እንገናኛለን። ሣጥን ቦታውን ሊመስል ይገባዋልና።

አሮጌውን ሣጥን ለሰፈራችን ወጣቶች ማዕከል ሰጠነው። በዚያ አንድ ጊዜ ከተቀመጠ ማንም አያነሣውም፤ ሰፊው አዳራሽም ይስማማዋል። የልብስ ማጠቢያ መኪናው ግን ገና አልተገዛም። ወገባችን ስለ ዳነ እሑድ እሑድ ልብሱን ከባለቤታችን ጋር እናጥባለን፤ እርሷም እያጠበች «ሣጥኑ ቀላል ነው፤ ጋቢው ግን ከባድ ነው» ትለናለች።