የኋላው ስታብላይዘር

ነሐሴ 6
ኮብልስቶን ላይ በወጣሁ ቁጥር ከፊት በግራ በኩል ቋ ቋ የሚል ድምፅ ነበረ፤ ዛሬ ጋራዥ ገባን። የስታብላይዘሩ ሊንክ ላልቷል፣ ጎሚኒውም አልቋል። ወጣቱ መካኒክ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ስታብላይዘሩን ለምን አውጥተን አንጥለውም? ድምፁም ይጠፋል፣ ወጪውም ይቀርልዎታል» አለኝ። ከተማ ውስጥ በ30 ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ላይታወቅ ይችላል። ድንገት የገባ ፍየል ለማዳን መሪ ሲጠመዘዝ ግን ይታወቃል። ሊንኩንም ጎሚኒውንም አስቀየርኩ።

ነሐሴ 14
ቨርጂንያ ያለው ታናሽ ወንድሜ ለዕረፍት ሲመጣ ለኮሮላዬ የኋላ ስታብላይዘር በካርቶን ጠቅልሎ አመጣልኝ። ከፋብሪካው ይወፍራል፤ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ቀዳዳ አለው። እናታችን «አሜሪካ ተኪዶ ብረት ይመጣል?» አለች።

ሥራው ይህ ነው፦ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ብረቱ ዝም ብሎ ይዞራል፤ አንዱ ብቻ ሲነሳ ወይም መኪናው ወደ ጎን ሲያዘነብል ይጠመዘዝና ይታገላል። በውፍረቱ የሚመጣው ጥንካሬ የሚገርም ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር የነበረው 22 ቢሆን የሚጨምረው 10 ሳይሆን 46 ከመቶ ነው። ሊንኩ የሚታሰርበት ቀዳዳ ደግሞ የብረቱን ክንድ ርዝመት ይወስናል። በረጅም ኪያቬ ቡሎን መፍታት እንደሚቀል ሁሉ፣ ክንዱ ሲረዝም ብረቱ በቀላሉ ይጠመዘዛል፤ ሲያጥር ይጠነክራል። ከ25 ሴንቲ ሜትር ወደ 23 ቢያጥር ጥንካሬው በ18 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ካናዳዊው ስቲቨን ኮልማን የፈጠራ መብት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው።

ነሐሴ 15
የግራው ሊንክ ታሰረ፤ የቀኙ ቡሎን ግን አልገባም አለ። መኪናው በአንድ ጎኑ በክሪክ ተነስቶ ስለነበር ነው። መካኒኩ መዶሻ ሲያነሳ ተው አልኩት። ደልዳላ ወለል ላይ በአራት ጎማው አቁመን፣ እኔ የሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ ሲሞክር ቡሎኑ በእጅ ገባ። በመዶሻ ቢገባ ኖሮ ብረቱ ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ተጠምዝዞ ይውል ነበር፤ ያኔ መኪናው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጠባዩ ለየቅል ይሆናል። ጎሚኒውን ግራሶ እንዳይቀባውም ለመንኩት፤ ተራ ግራሶ ላስቲክን ያሳብጣል።

ነሐሴ 23
እንጦጦ። መጀመሪያ የአራቱንም ጎማ አየር አስለካሁ፤ አየሩ ሳይስተካከል ስታብላይዘር መነካካት ከንቱ ድካም ነው። ክንዱን በሚያረዝመው፣ በለስላሳው ቀዳዳ ለውጡ ወዲያው ታወቀኝ። ድሮ ኩርባ ላይ መሪ ባጠፍም ፊቱ ወደ ውጭ ይገፋ ነበር፤ አሁን ይታዘዛል።

ምክንያቱን ብዙ ሰው ገልብጦ ይረዳዋል። ስታብላይዘር ኩርባ ላይ ወደ ውጭኛው ጎማ የሚሄደውን ክብደት አያስቀርም። ከዚያ ክብደት ትልቁን ድርሻ የፊቱ ይሸከም ወይስ የኋላው፣ እሱን ነው የሚወስነው። ጎማ እጥፍ ክብደት ቢጫንበት እጥፍ አይነክስም፤ ስለዚህ ትልቁ ድርሻ የተጫነበት ወገን ቀድሞ ይከዳል። ፊቱ ሲጠነክር መኪናው ወደ ውጭ ይገፋል፤ ኋላው ሲጠነክር ጭራው ይወጣል።

ነሐሴ 26
ጠንካራው ቀዳዳ። ጠዋት በደረቁ አስፋልት ደስ ይላል። ከሰዓት ዝናብ ጣለ፤ ቁልቁለቱ ላይ በዝግታ እየወረድኩ እንኳ ኩርባው መሐል ነዳጅ ስለቅ ጭራው ሸርተት አለ። ወንድሜ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ይህን መኪና ባለቤቴም ትነዳዋለች፣ የክረምት መንገድ ደግሞ አይታመንም። ወደ ለስላሳው ቀዳዳ ተመለሰ።

መስከረም 20
ለዘይት ጋራዥ ገብቼ ነበር። መካኒኩ በኋላው ተደስቶ «ጋሼ፣ የፊቱንም እናወፍረዋ!» አለኝ። ፊቱ ከወፈረ ያ የድሮ መግፋት ይመለሳል፤ በዚያ ላይ ብረቱ ሁለቱን ጎማዎች ስለሚያስተሳስር የአንዱ ጉድጓድ ሌላኛውንም ያናውጣል። በእኛ መንገድ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። እንደ ፋብሪካው ይቆይ አልኩት።

ጋራዥ ገብታችሁ «አውጥተን እንጣለው» የምትባሉ ሰዎች፣ ድምፁ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሊንኩና ከጎሚኒው ነውና እነሱን አስቀይሩ፤ ብረቱ ግን ይቆይላችሁ።