ጥፋተኛው ሰማይ ብቻ ነውን?

ውድ አንባቢ፥ ከጎንደር ተነሥተው ወደ ደባርቅ የተጓዙ እንደ ሆነ፥ ኮሶዬን አልፈው ዳባት ሳይደርሱ አምባ ጊዮርጊስን ያገኛሉ። አውቶቡሱ እዚያ ሲቆም ከቆላ የመጣው መንገደኛ ጋቢውን ይፈልጋል፤ ጋቢ የሌለው ደግሞ ሻይ ቤት ይፈልጋል። ወደ 3 ሺህ ሜትር ከፍታ የሚጠጋ ደጋ ነውና ብርዱ ለእንግዳ አያዝንም። እኔም የዚያ አገር ልጅ ነኝ።

በልጅነቴ የጥቅምትን ውርጭ እንደ ሌባ እንጠብቀው ነበር። ማታ ደመናው ተገፎ ከዋክብቱ የደመቁ እንደ ሆነ አባቴ ራቱ አይወርድለትም፤ ባቄላው ገና አበባ ላይ ከሆነ ጧት ጠቁሮ ይገኛልና። የአገራችን ሰው ወቅቱን የሚለካው በበዓላት ነው፤ ዝናሙ ለሰኔ ሚካኤል ይገባል፥ ቡሄ ካለፈ ክረምቱ ያረጃል፥ ከመስቀል ወዲያ ፀሐይ ነው ይላል። ዛሬ ግን ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡ ቁጥር ጨዋታቸው የዚህ ሁሉ መዛባት ሆኗል። ሰኔው ደርቆ ያልፍና በሐምሌ የወሩ ዝናም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል ይላሉ።

እግረ መንገዴን ልናገርና፥ የስሜን ብርድ ዝናው ጥንታዊ ነው። ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባስቀረጸው ጽሑፍ፥ የስሜን ሰዎች የሚኖሩበት ተራራ ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት አመዳይ የተሸፈነ መሆኑን አስታውቋል። የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዓመት ጽሑፉን ባይገለብጠው ኖሮ ወሬው ከደንጊያው ጋር ጠፍቶ ይቀር ነበር። ጽፎ ማስቀመጥ እንዲህ ይጠቅማል። እኔ ግን መጻፍ የሚገባኝን ሳልጽፍ የቀረሁበት ቀን ስላለ እሱን ልንገርዎ።

ጊዜው ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ነው። ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ከተቀጠርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን በረዶ የተቀላቀለበት ብርቱ ዝናም ወርዶ የብዙ ገበሬ ማሳ አበላሸ። በማግሥቱ አለቃዬ ቅጽ አስይዞ ላከኝ። በቅጹ ላይ የገበሬው ስም፥ የማሳው ስፋት፥ የሰብሉ ዓይነት፥ በመጨረሻም «የጉዳቱ ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ ነበረ። እኔም በዚያው ሰሞን ከሥልጠና ተመልሼ ስለ ነበር በሁሉም ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ» እያልሁ ሞላሁ። ሠላሳ አንድ ቅጽ! ቃሉ ሲጻፍ ያምራል፤ መዝገቡንም ቶሎ ይዘጋል።

ሠላሳ ሁለተኛው ማሳ የአጎቴ ነበር።

«ምን ብለህ ጻፍህ?» አለኝ። ነገርሁት። ደግሞም በሩቅ አገር የፋብሪካና የመኪና ጢስ አየሩን እንዴት እንደ ለወጠው አስረዳሁት። እስክጨርስ ዝም ብሎ አዳመጠኝና እጄን ይዞ ወደ ማሳው ራስ ወሰደኝ። ከበላዩ የጠጠር መንገድ ያልፋል። ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ በደንጊያና በደለል ተደፍኖ ኖሮ፥ ጎርፉ መሻገሪያ ሲያጣ ቦዩን ተከትሎ ዞረና በአጎቴ ገብስ መካከል እስከ ወገቤ የሚደርስ ቦረቦር ቆፍሮ ወረደ።

«በረዶው በሁላችን ላይ ወርዷል» አለ። «የጎረቤቴ ገብስ ተኛ እንጂ ይነሣል። የኔን ግን መሬቱን ነው የወሰደው። ቱቦው መደፈኑን በሚያዝያ አመልክቼ ነበር። ማመልከቻውን የተቀበልኸኝ አንተ ነህ፥ ልጄ። ቱቦዬንም የደፈነው የፈረንጅ ጢስ ነው?»

አንባቢዬ ቢሆኑ ምን ይመልሱ ነበር? ማመልከቻውን በርግጥ ተቀብያለሁ፤ «በጀት ሲገኝ ይታያል» ብዬ ከሌሎች ጋር አስሬ መደርደሪያ ላይ ያኖርሁትም እኔው ነኝ። መሬቱን እያየሁ «አያ፥ ይቅር ይበሉኝ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም።

ይሁን እንጂ ይህን ሰምተው የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው የመሥሪያ ቤት ሰበብ ብቻ ነው እንዳይሉ እሠጋለሁ። ነገሩ እውነት ነው። በሐዋይ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ አየሩን በተከታታይ መመዘን ከተጀመረበት ከ1958 እ.ኤ.አ. ወዲህ፥ የተቃጠለ አየር፥ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ከሚሊዮን 315 እጅ ተነሥቶ ከ420 አልፏል። ከሰል፥ ቤንዚንና ናፍጣ ሲነድ የሚወጣው ይህ አየር የምድርን ሙቀት እንደ ጋቢ አፍኖ ይይዛል። በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም አማካይ ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ያህል በልጦ ተገኘ። የሞቀ አየር ደግሞ በየዲግሪው ከመቶ 7 እጅ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ሊሸከም ይችላል፤ ሸክሙን ባንድ ጊዜ የጣለው እንደ ሆነ ዝናሙ ዶፍ ይሆናል። እንግዲህ ለትናንት ዝናም የተለካ ቱቦ ለዛሬው ሊጠብ ይችላል፤ የተደፈነውማ ምን ይባላል!

ድርቅን ግን በዚሁ ሚዛን ቸኩለው አይመዝኑት። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናም ጠፍቶ በተከታዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኑ። ሊቃውንት ያን ድርቅ ሲመረምሩት፥ እንዲህ ያለ የዝናም ማነስ በብዙ ዐሥር ዓመታት አንድ ጊዜ የሚደርስ መሆኑንና የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ፥ ኤል ኒኞ የሚሉት፥ እንዳባባሰው አገኙ። የአየር ንብረት ለውጥን እጅ ግን ከዝናሙ መዝገብ ለይተው ሊያሳዩ አልቻሉም። እንደዚያ ብለውም ሳያፍሩ ጻፉ። ሠላሳ አንዱን ቅጽ በአንድ ቃል ለሞላሁት ለኔ ይህ ትልቅ ተግሣጽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጎረቤቶቻችን ላይ የደረሰውን ደግሞ ያስቡት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናሙ ከዳና በጃናሞራ፥ በበየዳና በጠለምት ረኀብ ገባ። ኤል ኒኞም በዚያ ዓመት ተመልሶ ነበር፤ ነገር ግን በክልሉ የተነሣው ጦርነት መንገድ እየዘጋ የእህሉን መድረስ ያዘገየ መሆኑን ማን ይረሳዋል? በተከታዩ ክረምት፥ በነሐሴ 2016 ዓ.ም.፥ በዚያው በጠለምት መሬት ተንዶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2 ሺህ በላይ የሆኑም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። አምና ውኃ ያጣ አገር ዘንድሮ በውኃ ብዛት ሲጎዳ፥ ለሁለቱም አንድ ቃል ጽፎ ማለፍ ምን ያህል ቀላል ነው!

ወደ ቅጾቼ ልመለስና፥ አለቃዬን አስፈቅጄ ማሳዎቹን እንደ ገና ዞርሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከሠላሳ ሁለቱ በዘጠኙ ላይ ጉዳቱን ያደረሰው በረዶው ሳይሆን ከቦዩ የዞረው ጎርፍ ነበር። እንዳየሁት ጽፌ ሳቀርብ አለቃዬ መነጽሩን አወለቀና «ይህ ቅጽ ነው ወይስ ክስ?» አለኝ።

የሆነውንም ሳልደብቅ ልንገርዎ። የዘር እርዳታ ሲመጣ «የተፈጥሮ አደጋ» የተባሉት ሃያ ሦስቱ አገኙ። ዘጠኙ፥ አጎቴም ጭምር፥ የጉዳታቸው ምክንያት ከተፈቀዱት ዓይነቶች ስላልሆነ ሳያገኙ ቀሩ። እውነቱን በመጻፌ ዘር አስከለከልኋቸው። ይህ እስካሁን ሲከነክነኝ ይኖራል፤ ዳግመኛ ቢመጣ ምን እንደማደርግ አንዳንድ ሌሊት ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። አጎቴ አልተቈጣኝም። «ዘሩን ከጎረቤት እበደራለሁ፤ ቱቦውን ከማን እበደራለሁ?» ነው ያለኝ። በሚቀጥለው ሚያዝያ ዘጠኙ ቅጽ አንድ ላይ ተያይዞ ስለ ቀረበ ቱቦው ተጠረገ፤ ቦረቦሩ ግን እስካሁን አልሞላም።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ በግቢው መካከል አፏና ቂጧ እኩል የሆነ የቆርቆሮ ጣሳ በእንጨት ላይ አቁሟል። ትምህርት ቤት የምትሄደው ልጁ ጧት ጧት ውኃውን በማስመሪያ ለክታ በደብተር ትጽፋለች። ባለፈው ስሄድ ደብተሩን አሳየችኝ። በነሐሴ 14 ቀን ፊት ለፊት እንዲህ ይላል፤ «41 ሚሊሜትር። በረዶ የለም። ቱቦው አሳልፏል፤ አባባ ሄዶ አይቷል።»