ከካርዱ በፊት መጠየቅ የነበረበት

ናይሮቢ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ቤት፣ ኮምፒውተርን ቴሌቪዥን የሚያደርግ ካርድ ሦስት ጊዜ ተገዝቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዛሬም መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል።

ገዢው በሒሳብ ሠራተኝነት የሚተዳደር ወጣት ነው። እናቱ ለሕክምና ከደሴ መጥተው አብረውት በከረሙበት ጊዜ፣ ልጃቸው ሥራ ሲውል እርሳቸው ብቻቸውን ይውሉ ነበር። ከጎረቤት የሚያግባባቸው ቋንቋ አልነበረም። አንድ ማታ፣ «ልጄ፣ የአገሬን ወሬ ብሰማ ቀኑ ባጠረልኝ» አሉት። ቴሌቪዥን ለመግዛት ቦታውም ገንዘቡም ስላልነበረው፣ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮምፒውተር ሊጠቀምበት ወሰነ።

በሉቱሊ ጎዳና ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ፣ «የትኛው ካርድ ይሻላል?» ሲል ጠየቀ። ስሕተቱም ከዚህ ጀመረ። የተሸጠለት ርካሽ የዲቪቢ-ቲ ካርድ ነበር። ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የአናሎግ ሥርጭቷን ዘግታ የተሻገረችው ወደ ሁለተኛው ትውልድ፣ ወደ ዲቪቢ-ቲ2 ነው። ቲ2ን የሚቀበል መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ፊተኛውንም ይቀበላል፤ ፊተኛው ግን ቲ2ን ከቶ ሊያነብ አይችልም። ጉድለቱ የቺፑ ስለሆነ ሶፍትዌር አያድነውም። ኮምፒውተሩ ሲያስስ አምሽቶ አንድም ጣቢያ አላገኘም።

በሚቀጥለው ወር ደመወዝ የቲ2 ካርድ ገዛ። ምስሉ ጠራ፤ የኬንያ ጣቢያዎች ተደረደሩ። እናቱ ጥቂት ተመልክተው፣ «ሥዕሉስ ያምራል፤ ንግግሩ ግን አይገባኝም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ልጁ የሳተው ነገር ያን ጊዜ ተገለጠለት። የምድር አንቴና የሚያመጣው ሰው ያለበትን አገር ድምፅ ነው፤ ትቶት የመጣውን አገር ድምፅ የሚያደርሰው ሳተላይት ነው። የሁለቱ ካርዶች ዋጋ ለእናቱ መድኃኒት በዋለ ነበር።

ሦስተኛውን ከመግዛቱ በፊት ጥያቄውን ለወጠ፤ «ጣቢያው የሚመጣው ከየት ነው?» አለ። በርካታ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ7 ዲግሪ ምዕራብ ካለው ናይልሳት ወጥተው፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በሚገኘው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ላይ በኢትዮሳት እንደሚሠራጩ ተረዳ። ስለዚህ የሰሐኑ ፊት ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት። ከባልንጀራው ሪሲቨር ተውሶ ሥርጭቱ ከጣሪያው መድረሱን አረጋገጠ። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ ባዶ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ መኖሩን በዓይኑ አየ። የዲቪቢ-ኤስ2 ካርድ የመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። የፈለገው ነፃ ጣቢያዎችን ብቻ ስለነበረ፣ የክፍያ ጣቢያ መክፈቻ ላለው ውድ ካርድ ገንዘብ አላወጣም።

ካርዱ መቅዳትም ይችላል። ዲጂታል ሥርጭት እንደመጣ ስለሚቀዳ አሮጌ ኮምፒውተር እንኳ አይቸገርም፤ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚመጣ ሥርጭት በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። እናቱ መድኃኒቱ እንቅልፍ ሲጥልባቸው ያመለጣቸውን ዜና ጠዋት ያዩት ጀመር።

ሕክምናው አልቆ ወደ ደሴ ሲመለሱ፣ «አሁንስ ማን ያየዋል?» ብለው ጠየቁት። «እኔ አየዋለሁ፣ እማዬ» አላቸው። እስከዚያች ቀን ድረስ ካርዱን ለእርሳቸው ብቻ የገዛ ይመስለው ነበር።