ከፋዩና የሐበሻ ቀሚሱ

አሜሪካ ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የመጨረሻ ዓመት ፎቶውን የሚነሣው ተመርቆ አይደለም። ትምህርት ገና ሲከፈት፣ አንዳንዱም ከዚያ በፊት፣ ፎቶ ቤት ቀጠሮ ይያዝለታል፤ ፎቶው ዓመቱ ሲያልቅ በሚታደለው የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ላይ መውጣት አለበትና። የእኔ ተራ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። የቀጠሮውን ደብዳቤ ለእናቴ ሳነብላት ፊቷ ልውጥ አለ።

"ሳትመረቂ የምርቃት ፎቶ? ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?"

እሷ የምታውቀው የምርቃት ፎቶ ጋዋን ተለብሶ፣ ቆብ ተደፍቶ የሚነሡትና ሳሎን ግድግዳ ላይ ከቅዱሳን ሥዕል አጠገብ የሚሰቀለው ነው። ያላለቀ ነገር ቀድሞ ማክበር ይከብዳታል። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀሪው ነገርም አልጣማትም። ሴቶች ፎቶ ቤቱ የሚያቀርበውን ጥቁር ከፋይ ትከሻቸውን ገልጠው ይለብሳሉ፤ ሜካፑ ከወትሮው ትንሽ ደመቅ ይበል፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ግን አይቀባ ይላል። "ትከሻሽን ገልጠሽ የተነሣሽውን ነው ለእናቴ ደሴ የምልክላት?" አለች። በመጨረሻ ተስማማን፦ ለትምህርት ቤቱ በከፋይ፣ ለአያቴ በሐበሻ ቀሚስ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ፊቴ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ትምህርት ቤት የተነሣሁት ፎቶ ላይ አመድ መስዬ ነው የወጣሁት። ፎቶውን ለማንም አላሳየሁም። የሰፈራችን መድኃኒት ቤት የመዋቢያ መደርደሪያ ላይ ፋውንዴሽኑ ከፈዛዛው ይጀምርና እየጠቆረ ይመጣል፤ ጠይም ጋ ሳይደርስ ያልቃል። መጨረሻ ላይ ያለው ቡናማ ደግሞ ቅላቱ ስለሚበዛ ሸክላ ያስመስላል። የዘፋኟ ሪሃና የመዋቢያ ድርጅት ፌንቲ ቢዩቲ በ40 ዓይነት ቀለም ፋውንዴሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ያኔ እኔ ሥራ ከያዝኩ ቆይቻለሁ። ጥፋቱ የመዋቢያው ብቻ እንዳልነበረም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ለቀለም ማስተካከያ ይልከው የነበረው ካርድ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም "ሸርሊ" ይባል ነበር። ቀለሙ ይስተካከል የነበረው ለእሷ ገጽታ ነው። ቡናማ ቀለም በደንብ እንዲወጣ ኩባንያው ፊልሙን ለማሻሻል ከተነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች አቤቱታ እንደነበር ሳነብ በጣም ከፋኝ። ስንት እናት የልጇን ፎቶ ይዛ "ይቺ ልጄን አትመስልም" ብላ ይሆናል! እሷን የሰማት አልነበረም።

ፎቶ በተነሣሁበት በዚያው በ2003 ሞዴሏ ሊያ ከበደ የመዋቢያ አምራቹ የኤስቴ ላውደር መልክ ሆና ተመረጠች፤ ለዚያ ኩባንያ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። አዲስ አበባ የተወለደች ልጅ በመጽሔት ሙሉ ገጽ ላይ! እናቴ ፀጉር ቤት ተራ ስትጠብቅ አይታት ገጹን ለምና አስቀድዳ አመጣችው። "እስቲ እይ፣ ይቺ የኛ ልጅ አይደለችም?" እያለች ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታሳያለች። ገጹን ለጎረቤታችን ለእትዬ ስታሳያቸው ነው የእኔም ነገር የተነሣው።

እትዬ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር። አሜሪካ ሥራቸው አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ አዲስ አበባ ሳሉ ግን ፒያሳ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ሙሽሮችን ያስውቡ ነበር። "እኔ እያለሁ ልጅቷ ምን ያስጨንቃታል?" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ቦርሳቸውን ይዘው መጡ። እናቴ ከሌሊት ሥራዋ፣ ከመኪና ማቆሚያው ገንዘብ መቀበያ ገና መግባቷ ነበር። እትዬ መጀመሪያ መብራቱን አጥፍተው ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳቡት። "በአምፖል የተቀባ ፊት ውጭ ሲወጣ ሌላ ሰው ነው።" ቀጥለው የምቀባውን ክሬም አምጪ አሉኝና ጠርሙሱን አገላብጠው አይተው አስቀመጡት። ፀሐይ መከላከያ ያለበት ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ ብዙዎቹ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አለባቸው፤ የፍላሹን ብርሃን ወደ ካሜራው ስለሚመልሱት ፊት ነጥቶ ይወጣል። እትዬ የንጥረ ነገሩን ስም አያውቁም፤ የሚያደርገውን ግን ከስንት ሙሽራ ፎቶ ያውቁታል።

ከዚያ ሁለት ፋውንዴሽን አወጡ። አንደኛው ሶማሊያዊቷ ሞዴል ኢማን እ.ኤ.አ. በ1994 ባቋቋመችው ድርጅት የተሠራ ነው፤ ወደ ቢጫ ያደላል። ሌላው ጠቆር ይላል። በእጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ ጠብ አድርገው በጣታቸው ቀላቀሉና መንጋጋዬ ላይ፣ ወደ አንገቴ ዝቅ ብሎ፣ ጎን ለጎን አሰመሩት። እስኪደርቅ ዝም ብለን ጠበቅን፤ ሲደርቅ ይጠቁራልና። አንዱ መስመር ነጥቶ ቀረ፣ አንዱ ቀላ፣ አንዱን ግን ብፈልገው አጣሁት።

"የጠፋው ነው ያንቺ" አሉኝ።

እናቴ ሻይዋን ይዛ ከጎን ቆማ ታያለች። "እትዬ፣ ትንሽ ፈካ ቢያደርጓትስ?" አለች፣ ቀስ ብላ። ከልብ የመነጨ ልመና ነበር፤ ልጇ አምራ እንድትወጣ የምትመኝ እናት ልመና። እትዬ እጃቸውን አላቆሙም።

"ልጅሽ ጠይም ናት። ጠይም ሆና ትውጣ። ግንባሯም ከጉንጯ ይጠቁራል፤ ይጥቆር። ልጅሽን እንጂ ሌላ ሰው አልሠራልሽም።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ መልኬ እንዲህ ቆርጦ የተናገረልኝ ሰው አልነበረም። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ማንም አላየኝም እንጂ ዕንባዬ መጥቶ ነበር።

ፓውደሩን አልፈገፈጉትም፤ በስፖንጅ ጫን ጫን እያደረጉ አፍንጫዬና ግንባሬ ላይ ብቻ አሳረፉት። ሌላው ይብራ፤ ወዝ የሌለው ፊት የታመመ ይመስላል አሉ። ለዓይኔ እርሳስ ሊያወጡ ሲሉ እናቴ "ቆይ" ብላ ጓዳ ገባችና ከኢትዮጵያ ያመጣችውን የኩል ብልቃጥ ይዛ ወጣች። ራሷ ኳለችኝ። "ወደ ላይ እዪ፤ አትንቀሳቀሺ" እያለች፣ እንቅልፍ ያጣው ዓይኗ ከዓይኔ ሥር ሆኖ፣ እጇ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ እትዬ የተረፈውን ፋውንዴሽን ከቫዝሊን ጋር ለውሰው አንገቴንና ትከሻዬን አሹልኝ፤ ከፋዩ የሚገልጠውን ሁሉ። "ሰው ፊቱን ይቀባና ትከሻውን ይረሳል፤ ካሜራ ግን አይረሳም።"

ፎቶ ቤቱ ድረስ አብረውኝ ሄዱ። ከፋዩ ከኋላ በመቆንጠጫ ተያዘ። መጋረጃው ጥቁር፣ ከፋዩ ጥቁር፣ ፀጉሬ ጥቁር። እትዬ "ፀጉሯ ይጠፋል፤ ከኋላ መብራት ያድርግላት በዪው" አሉኝ፤ ለፎቶ አንሺው ተረጎምኩለት። እሱም አንድ መብራት አዞረና በካሜራው ካየ በኋላ ልክ ናቸው ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የሐበሻ ቀሚሱን ስለብስ ደግሞ ነጩ ጨርቅ ከታች ብርሃን ስለሚረጭ ከንፈሬን በቡናማ እርሳስ አጠቆሩት።

ፎቶዎቹ ሲመጡ እናቴ ከከፋዩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዓይኗን አልነቀለችም። ደሴ የሄደው ግን ቀሚሱ ነው። በስልክ ካርድ ስንደውል አያቴ የመጀመሪያ ቃላቸው "እኔስ አገሩ ይለውጣታል ብዬ ነበር፤ ምንም አልተለወጠች፣ ያቺው ልጄ ናት" የሚል ነበር።

እትዬ ገንዘብ አልቀበል አሉ። በኪስ ቦርሳ መጠን ከታተሙት አንዷን ብቻ ጠየቁ፤ ከፋዩን መረጡ። ቤተ ክርስቲያን ለሚያገኟቸው እናቶች ሁሉ እያወጡ ሲያሳዩ አይቻለሁ። በቀጣዩ ዓመት ትምህርት ሲከፈት ቅዳሜያቸው በቀጠሮ ተይዞ አለቀ፤ እኔም ኮሌጅ በማልሄድበት ቅዳሜ ቦርሳቸውን እይዝላቸው ነበር።