ስለ ተረከዝ

ገጣሚ ሁሉ ስለ ልብ ይጽፋል፤ ስለ ዓይንማ የተባለው ተቆጥሮ አያልቅም። ተረከዝን ግን ማን ያስታውሰዋል? ሙሉ ሰው ተሸክሞ ሲውል የሚያመሰግነው የለም፤ ስሙ የሚነሣው ሲያም ብቻ ነው። ስለ እግር ስናወራ እንኳ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን አንሥተን እንኮራለን እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውለው እግር ትንፍሽ አንልም።

እናቴ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት አስተናጋጅ ናት። ቤታችን እዚያው አራዳ ሳለ ሥራ ቦታዋ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ መንደሮች ሲፈርሱ የእኛም ሠፈር አብሮ ሄደና፣ አሁን ከከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ትመላለሳለች። ቆማ ትሠራለች፤ ቆማ ታክሲ ትጠብቃለች። ጠዋት ከአልጋ ወርዳ መጀመሪያ ስትረግጥ ሚስማር የወጋት ያህል «ወይኔ!» ትላለች። ጥቂት ስትራመድ ይለቃታል፤ ማታ መልሶ ይይዛታል። «ብርድ ነው ልጄ፣ ዕድሜ ነው» ትለኛለች።

ብርድስ አይደለም። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ፣ ውስጥ እግርን እንደ ደጋን ገመድ ወጥሮ የያዘ ጠንካራ ጅማት አለ። በመቆም ብዛት፣ በስስ ጫማ፣ በክብደት፣ ወይም ባት ሲወጠር ተረከዙ ጋ ይጎዳል። ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያይተስ ይሉታል። ሌሊቱን ኮምተር ብሎ ያደረ ጅማት ጠዋት ድንገት ሲሳብ ነው ያ ሕመም የሚመጣው። ራጅ ላይ አንዳንዴ እሾህ የመሰለ አጥንት ይታያል፤ «እሱን ካላስቆረጥኩ» የሚል አይጠፋም። እሾሁ ግን ምንም በማያማቸው ሰዎች ተረከዝም ይገኛል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ከአልጋ ሳይወርዱ ጣቶችን በእጅ ይዞ ወደ ቅልጥም መሳብ፣ እስከ 10 ቆጥሮ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ መደጋገም፤ ይህንኑ በቀን ሦስቴ። ግድግዳ ተደግፎ ባትን ማሳሳብ። በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ከውስጥ እግር ሥር ማንከባለል። ሶሉ ወፈር ያለ፣ ተረከዝ የሚደግፍ ጫማ ማድረግ። አብዛኛው ሰው እንዲህ እያለ ዓመት ሳይሞላው ይሻለዋል። ተኝተውም የሚያም፣ የሚያብጥ፣ የሚደነዝዝ ወይም ትኩሳት ያለበት ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

እማዬ ሁሉንም እሺ ብላ ያዘች። «ማረፍም አለብሽ» ስላት ግን ሳቀች። ደንበኛ ባይኖርም አስተናጋጅ መቀመጥ ክልክል ነዋ! ዕረፍት የሚባለው መድኃኒት ፋርማሲ አይሸጥም፤ ያለው በአሠሪ እጅ ነው። ባለፈው ወር ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ሆና አንዲት በርጩማ ጠየቁ፤ በየተራ አሥር ደቂቃ አረፍ ለማለት። «ይታሰብበታል» ተባሉ። ይኸው እስካሁን እየታሰበበት ነው።

እስከዚያው፣ ወገኖቼ፣ እናታችሁ ጠዋት ስትነሣ የመጀመሪያ እርምጃዋን ልብ በሉ። ኬክ ቤት ስትገቡም ሻዩን ይዛ የምትመጣውን እግር።