የሐሙስ ገበያና የኤኮኖሚክስ ተማሪዋ

ውድ አንባቢ፤ ልጅዎ ከዩኒቨርሲቲ ደውላ «እማዬ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ገንዘብ ላኪልኝ» ብትልዎ ምን ያደርጋሉ? የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ይሆናል ብለው ልከው ዝም ይላሉ? ወይስ «ለመሆኑ የምታጠኚው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋታል? እኔ ከቀደሙት ወገን ነበርኩ። ጥያቄውን የተማርኩት ዘግይቼ፣ ያውም በሐሙሲት ገበያ መካከል ነው። ስለዚህ ዛሬ እርስዎን ወደዚያ ልውሰድዎ።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይያዙ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ይሻገሩና ዘንዘልማን ወደ ኋላ ይተዉ። 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ፣ በደቡብ ጎንደር ዞን በደራ ወረዳ ውስጥ፣ አውራ ጎዳናው መካከሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባትን ሐሙሲትን ያገኛሉ። ከሐሙሲት ወዲያ የጉማራ ወንዝ፣ ከጉማራ ወዲያ የፎገራ ሜዳና ወረታ አሉ፤ ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፎ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ የተጓዘ ደግሞ ደብረ ታቦር ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ በክልሉ የጸጥታ ችግር ስለ ደረሰ፣ ወደዚያ የሚነሣ መንገደኛ አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት መጠየቅ ይኖርበታል። እኛም ጠይቀን ነው የተነሣነው።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው። ገበያ የሚውልበት ቀን የከተማ ስም ሲሆን በአገራችን የተለመደ ነው፤ በዚያው በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ አርብ ገበያ ትባላለች። ሐሙስ ማለዳ ሐሙሲት የደረሰ ሰው ስሟ ከወዴት እንደ መጣ አስረጂ አያሻውም። ገበያተኛው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ በቆሎው፣ ሽምብራውና ጓያው በአህያ ተጭኖ ይመጣል። በ1970ዎቹ በፎገራ ሜዳ መዘራት የጀመረው ሩዝም ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኗል። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ጌሾው፣ ሽንኩርቱ፣ ዶሮውና እንቁላሉ ያለበት ተራ ግን የሴቶች ነው።

ወደዚህ ገበያ የወሰደችኝ የእኅቴ ልጅ ናት፤ የአራተኛ ዓመት የኤኮኖሚክስ ተማሪ ነበረች። ይህ ትምህርት ዛሬ ለአካባቢው ልጆች ሩቅ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከሁለት ነባር ተቋሞች ውሕደት የተቋቋመ ሲሆን፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀምሯል፤ በሁለቱም የኤኮኖሚክስ ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው ዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት በጋራ ትምህርቶች ያልፋል። ከዚያ በኋላ ስለ ገዢና ሻጭ፣ ስለ አገር ገቢና ስለ ዋጋ ንረት፣ እንዲሁም ስታቲስቲክስና ኤኮኖሜትሪክስ ይማራሉ። ኤኮኖሜትሪክስ ማለት አንድ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር የሚፈትን ትምህርት ነው። በመጨረሻው ዓመት ተማሪዋ አንድ ጥያቄ መርጣ፣ በአማካሪ መምህር እየተመራች፣ መረጃ ሰብስባ የመመረቂያ ጽሑፍ ታዘጋጃለች። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። በፈተናው የተማረችው ይመዘናል፤ በጽሑፉ ግን ራሷ ያወቀችው ነገር አለ ወይ የሚለው ይታያል።

የእኅቴ ልጅ የመረጠችው ጥያቄ «ሴቶች በገበያ የሚያገኙት ገንዘብ ለቤተሰቡ ኑሮ ምን ያህል ይረዳል?» የሚል ነበር። መጠይቋን በሚገባ አትማ፣ አማካሪዋን አሳይታ፣ የሚያስፈልጋትን ፈቃድ ይዛ ነው የመጣችው። ቅቤና እንቁላል ይዘው ከተቀመጡ አንዲት እናት አጠገብ ተንበርክካ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃ ጀመረች።

«እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልጄ፣ እኔ ምን ሥራ አለኝ ብለሽ? ቤት ነው የምውል።»

ልጅቱም በመጠይቁ ላይ «የቤት እመቤት» ከሚለው ፊት ምልክት አደረገች። ሴትዮዋ ይህን ሲናገሩ በአንድ እጃቸው ቅቤ ያስቀምሳሉ፤ በሌላው የዕንቁላል ዋጋ ተቀብለው በመቀነታቸው ይቋጥራሉ። ቀጥለው የተጠየቁትም አብዛኞቹ ያንኑ መለሱ። ማታ ወረቀቶቹን ስናገላብጥ፣ በገበያ ውስጥ የተሰበሰበው መረጃ ገበያው ላይ ሠራተኛ ሴት የለችም የሚል ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ ማልቀስ ቀረሽ አላት። «አክስቴ፣ ውሸት ሰብስቤ ነው የመጣሁት» አለች። ማንም ግን አልዋሸም፤ ጥፋቱ የጥያቄው ነበር።

ይህ ነገር የሐሙሲት ብቻ እንዳይመስልዎ። በ2023 እ.ኤ.አ. የኤኮኖሚክስን የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊቷ ፕሮፌሰር ክላውዲያ ጎልዲን ስማቸው ከተነሣባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። የአገራቸውን የድሮ መዛግብት ሲመረምሩ፣ ብዙ ሴቶች በእርሻና በቤተሰብ ንግድ እየሠሩ በቆጠራው ላይ ግን «ሚስት» ተብለው ብቻ እንደ ተመዘገቡ አገኙ። ቁጥሩ ሲታረም የሴቶች የሥራ ታሪክ መልኩ ተለወጠ። በእኛም አገር በ2005 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው፣ ሰዎች የቀን ሰዓታቸውን በምን እንደሚያሳልፉ አጥንቶ ነበር። ክፍያ የሌለው የቤት ሥራ፣ ውሃ መቅዳቱ፣ ምግብ ማብሰሉና ልጅ መንከባከቡ፣ በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ መሆኑን ያ ጥናት በቁጥር አሳይቷል። እርስዎ ይህን ከእናትዎ ቤት ጀምሮ ያውቁታል፤ ነገር ግን ያልተቆጠረ ሥራ በበጀትም በዕቅድም ውስጥ ስፍራ አያገኝም።

ልጅቱ ወደ አማካሪዋ ደውላ ጥያቄዋን አረመች። «ሥራዎ ምንድን ነው?» የሚለው ቀርቶ፣ «ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ምን ሸጡ? ከሽያጩ ምን ገዙ?» የሚል ሆነ። እነሆ የከተማዋ ስም ለጥናቱ ጠቀመ! «በዓመት ስንት ያገኛሉ?» ሲባሉ ዝም የሚሉት እናቶች፣ ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ያለውን ግን አንዲት ሳንቲም ሳያጎድሉ ይቆጥሩታል። እኒያ ቅቤ ሻጭ ጨውና ሳሙና፣ ለልጃቸው ደብተርና እስክሪብቶ መግዛታቸውን፣ ዕቁብም መጣላቸውን ዘርዝረው ሲያበቁ «ይህን ነው እንዴ ሥራ የምትዪው?» ብለው ሳቁ።

ሁለተኛው ችግር ሚዛኑ ነበር። መጠይቁ የሚጠይቀው በኪሎ ነው፤ ገበያው ግን ብዙውን ነገር የሚሰፍረው በጣሳ ነው። ተከምሮ የተሰፈረ ጣሳና በእጅ የተላገ ጣሳ አንድ አይደሉም፤ የምስር ጣሳና የበርበሬ ጣሳም ክብደታቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ ልጅቱ ከየዓይነቱ አንዳንድ ጣሳ ገዝታ፣ ሚዛን ካለው ሱቅ ወስዳ እያስመዘነች በደብተሯ ጻፈች። በአገር አቀፍ የኑሮ ጥናቶችም የአካባቢ መስፈሪያዎች ወደ ኪሎ የሚመለሱት በዚህ ዓይነት አድካሚ ሥራ ነው።

ሦስተኛውን ስሕተት ያመለከታት አማካሪዋ ነው። «ገበያ የመጡትን ብቻ ብትጠይቂ ገበያ መምጣት ያልቻሉትን ማን ይናገርላቸዋል?» አላት። አራስ፣ በሽተኛ፣ የምትሸጠው የሌላት ሴት ገበያ ላይ አትገኝም። ስለዚህ ከቀበሌ የቤተሰቦችን ዝርዝር አግኝታ፣ በዕጣ የወጡትን ቤቶች እየዞረች መጠየቅ ነበረባት። ይህ ግን ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሁለቱም እያለቁ ነበር።

አንባቢዬ፣ የራሴን ጥፋት የምናገረው እዚህ ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርተው የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ርእስ ይነግሯቸዋል፤ ቁጥሩም፣ ሠንጠረዡም፣ ማጠቃለያውም ተሟልቶ ይመጣል። የሚጠይቁት ገንዘብ ለመጓጓዣና ለአልጋ ከምናወጣው የሚያንስ ነበር። እኔም ለልጅቱ አዝኜ «ምን አደከመሽ? ልክፈልልሽና ይብቃሽ» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ቆየችና «አክስቴ፣ የነዚያን ሴቶች ቁጥር ማን ይፈጥረዋል? ባይጠየቁ ይሻላቸው ነበር» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። የምትጠይቃቸውን ቤቶች ቁጥር ቀነሰች፤ ቁጥሩ ለምን እንዳነሰና ጥናቷ የማይናገረው ነገር ምን እንደሆነም በጽሑፏ ላይ በግልጽ አሰፈረች። ጽሑፏን በመምህራኖቿ ፊት ቀርባ ስታስረዳ የጣሳው ነገር ተጠየቀች። እሷም ጣሳውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በዚህ ዓይነት ድካም የተሠራ ጥናት ፍሬው ብዙ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኤኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ ከ1986 እስከ 2001 ዓ.ም. በ15 የገጠር መንደሮች ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን እየተመላለሰ ጠይቋል። ስለ ድርቅ፣ ስለ ድህነትና ስለ ዕድር ዓለም ያነበባቸው ብዙ ጽሑፎች የተጻፉት ከዚያ መረጃ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅንም የመጀመሪያ ዲግሪያቸው በኤኮኖሚክስ ሲሆን፣ ለዶክትሬት ጥናታቸው የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ደላሎች አሠራር መርምረዋል፤ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያንም መሥርተው መርተዋል። የጥናቱም ሆነ የምርት ገበያው መነሻ ገበያተኛውን ቀርቦ መጠየቅ ነበር።

እንግዲህ፣ ልጅዎ ኤኮኖሚክስ እመርጣለሁ ብትል «በባንክ ትቀጠሪበታለሽ ወይ?» ከማለትዎ በፊት «ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። ሒሳብ እንዳትፈራ ከታችኛው ክፍል ጀምረው ያበረታቷት፤ የአስቤዛ ሒሳብዎንም አብራችሁ ያዙት። የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ሲደርስ ገንዘቡን ለመጓጓዣና ለጠያቂነት ሥራ ይላኩላት፤ የተሠራ ጽሑፍ እንድትገዛ ግን እኔ እንዳደረግሁት አይደልሏት። አራት ዓመት የደከመችለት ትምህርት ያኔ ከእጅዋ ያመልጣል።

ለእርስዎም አንድ አደራ አለኝ። አንድ ቀን መረጃ ሰብሳቢ ወይም ተማሪ በርዎን አንኳኩታ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ትልዎ ይሆናል። እንጀራ ጋግረው ለሱቅ የሚያስረክቡ፣ በርበሬ አዘጋጅተው የሚሸጡ፣ የጎረቤት ልጅ በክፍያ የሚይዙ ከሆነ፣ «ቤት ነው የምውል» ብለው አይሸኟት። ቁጭ ይበሉና ካለፈው ሐሙስ ጀምረው ይቁጠሩላት።